ፒዲኤፍ ሲሆን የሚደበዝዝ ቀመር፦ መንስኤውና መላው

ጥያቄ፦ «የኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ 140 ገጽ ያለው ሞጁል በወርድ አዘጋጅቻለሁ። አብዛኞቹን ቀመሮች ያስገባኋቸው ከሌሎች ጽሑፎች ስክሪንሾት እያነሳሁ ነው። በኮምፒውተሬ ላይ ደህና ይታያሉ፤ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይራቸው ግን ይደበዝዛሉ። ታትሞ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ አርቢዎቹ ጨርሶ አይነበቡም። ምስሎቹን አስፍቼ ባስገባም፣ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላጠራቸው ብሞክርም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ በመጀመሪያ የማይሆነውን ልንገርዎ፤ ተጨማሪ ምሽት እንዳይፈጅብዎ። አንዴ የደበዘዘ ምስል በማስፋትም በማጥራትም አይመለስም። ስክሪንሾት ሲያነሱ ኮምፒውተሩ የሚሰጥዎ በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ የበሩትን ነጥቦች ብቻ ነው። በቀመሩ ወርድ ላይ 300 ነጥቦች ከነበሩ 300 ናቸው። 1,200 እንዲሆኑ ቢያዙ ፕሮግራሙ የጎደሉትን 900 ከጎረቤቶቻቸው እየገመተ ይሞላቸዋል። ግምት ደግሞ ለሰማይና ለሣር ፎቶ ያገለግል ይሆናል እንጂ ለአንዲት የመቀነስ ምልክት አያገለግልም።

ስለዚህ መድኃኒቱን የመጨረሻው ምስል ላይ አይፈልጉት። ቀመሩ ከጽሑፍነት ወጥቶ ምስል የሆነበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ከተቻለም እዚያ ምስል እንዳይሆን ያድርጉ። ሌላው ሁሉ፣ እኔ ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ጭምር፣ ይህ ሳይቻል ሲቀር የሚደረግ ነው።

ፒዲኤፍ በአንድ ገጽ ላይ በባሕርያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ፊደልና መስመር ነው። «ከዚህ ነጥብ ተነሥተህ እስከዚያ ይህን ያህል ውፍረት ያለው መስመር ሥራ፣ እዚህ ቦታ ላይ ይህን ፊደል በዚህ መጠን አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ እንጂ የተሣለ ሥዕል አይደለም። ሥዕሉ የሚሠራው አንባቢው ፋይሉን ሲከፍተው ወይም ማተሚያው ሲያትመው ነውና መሣሪያው የቻለውን ያህል ጥርት ብሎ ይወጣል። ቬክተር የምንለው ይህንን ነው። ሁለተኛው የነጥቦች ሠንጠረዥ ነው፤ የነጥቦቹ ብዛት አስቀድሞ ተቆርጦ የተወሰነ ነው። ፒዲኤፉን ከፍተው ገጹን ወደ 800 በመቶ ያሳድጉት። የፊደሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ሆኖ ከቀጠለ ቬክተር ነው፤ እንደ ደረጃ ከተሰባበረ ወይም እንደ ጭጋግ ከተበተነ ምስል ነው። ቀመሩን በማውሱ እንደ ጽሑፍ መምረጥ ከቻሉም ብዙ ጊዜ ምስል አይደለም ማለት ነው።

አሁን «በኮምፒውተሬ ላይ ደህና ይታያሉ» ወዳሉት ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በላዕልና በታህት መካከል ያለችውን የክፍልፋይ መስመር እንውሰድ። ቀመር ለሚበዛበት ጽሑፍ በተሠራው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት በላቴክ የተለመደው የዚህች መስመር ውፍረት 0.4 ፖይንት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሰባት ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍል ያህል ማለት ነው። ተራ ስክሪን በአንድ ኢንች 96 ነጥብ እንዳለው አድርጎ ይሠራል። በዚህ ስሌት መስመሪቱ የአንድ ነጥብ ግማሽ ያህል ትሆናለች። ግማሽ ነጥብ ጥቁር ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ስክሪኑ አንድ ሙሉ ነጥብ ግራጫ ያደርጋል። ዓይናችን ከርቀት ሲያየው ግራጫውን እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይቀበለዋል። ስክሪን ላይ ይህ የተዋጣለት ዘዴ ነው። ስክሪንሾቱ ግን ግራጫውን ግራጫ አድርጎ ያስቀረዋል።

ከዚያ ገጹ ወደ ሌዘር ማተሚያ ይሄዳል። ጥቁርና ነጭ ሌዘር ማተሚያ ግራጫ ቀለም የለውም። ግራጫን የሚያስመስለው ጥቁር ነጠብጣቦችን አራርቆ በመበተን ነው። የክፍልፋይ መስመርዎ በዚህ ጊዜ የተበተነ የነጠብጣብ ሰልፍ ሆኗል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ደግሞ ይቺን ሰልፍ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ግማሹን ይጥላታል። «ፎቶ ኮፒ ሲደረግ አርቢዎቹ ጨርሶ አይነበቡም» ያሉት ይኸው ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የማባዣ ቤቱ ሠራተኛም አልበደለዎትም። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ አልደረሰለትም።

በዊንዶውስ ስክሪን ላይ የተነሣ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጉዳት አለ። ዊንዶውስ ፊደልን ለማለስለስ ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ለየብቻ ይጠቀማል። ስክሪንሾትዎን አሳድገው ቢያዩት የፊደሎቹ ዳርና ዳር ቀላና ሰማያዊ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ ሁሉ ቀለም በጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ ሌላ ግራጫ ይሆናል።

የአርቢ ነገር ከመስመሩም ይብሳል። በላቴክ ዋናው ጽሑፍ 10 ፖይንት ሲሆን አርቢው 7፣ የአርቢው አርቢ 5 ፖይንት ነው። 5 ፖይንት በ96 ነጥብ ስክሪን ላይ ከነሙሉ ቁመቱ ሰባት ነጥብ አይሞላም። በዚህች ቁመት ውስጥ 3ን ከ8፣ 5ን ከ6 መለየት ንባብ መሆኑ ይቀርና ጥንቆላ ይሆናል።

ይህን የማነሣው የመልክ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማሠልጠኛ የኬሚስትሪ ሞጁል የገጽ ቅንብር ሠርቼ ነበር። የንጹሕ ውኃ የሃይድሮጅን አዮን መጠን በሊትር 10⁻⁷ ሞል መሆኑ የተጻፈበት ገጽ ላይ ቀመሩ በምስል ነበር የገባው። በተባዛው ቅጂ ላይ የመቀነስ ምልክቷ ጠፍታ 10⁷ ሆኖ ተነበበ። መምህሩ የደወለልኝ የፈተና ወረቀት ሲያርም ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ያንኑ ጽፈውለት። ከመጽሐፉ ያነበቡትን በታማኝነት ነበር የጻፉት። ስህተቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀመርን ጥራት እንደ ጌጥ አይቼው አላውቅም። የእርስዎ ሞጁል የፊዚክስ ስለሆነ የኤሌክትሮን ሙል 1.6×10⁻¹⁹ ኩሎምብ በውስጡ መኖሩ አይቀርም። ያቺ ትንሽ ሰረዝ ብትጠፋ ልዩነቱ ከ1 ቀጥሎ 38 ዜሮ ያህል ነው።

ወደ መፍትሔው ልግባ።

ለእርስዎ የምመክረው ቀመሮቹን በወርድ በራሱ የቀመር መጻፊያ እንደገና መጻፍ ነው። ከ2007 ስሪት ጀምሮ ያሉት ሁሉ አላቸው። አልት የሚለውን ቁልፍ ከእኩል ይሆናል ምልክት ጋር አብረው ሲጫኑ ሣጥኑ ይከፈታል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ቀመር ካምብሪያ ማዝ በሚባል ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየርም ጽሑፍ ሆኖ ይሄዳል። 800 በመቶ ቢያሳድጉትም አይሰበርም። ብዙ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን 140 ገጽ ውስጥ 200 ቀመር ቢኖር፣ እጅ ከለመደ በኋላ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ፣ ከሰባት ሰዓት በታች ነው። ምስሎቹን ለማጥራት እስካሁን ካጠፉት ጊዜ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ምልክት ማረም ሲፈልጉ ደግሞ ምስሉን መጣል ሳይሆን ምልክቷን ብቻ መንካት ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ስሪቶች ቀመሩን በላቴክ አጻጻፍ መተየብም ይቻላል፤ ያንን ለሚያውቅ ሰው ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

በቀመር ውስጥ የአማርኛ ቃል ካለ፣ ለምሳሌ ፍጥነት በርቀትና በጊዜ ሲገለጽ፣ ቃሉን መርጠው «ኖርማል ቴክስት» የሚለውን ይጫኑና የግእዝ ፎንትዎን ይስጡት። ካምብሪያ ማዝ የግእዝ ፊደል የለውምና ለራሱ ከተተወ ፕሮግራሙ ያገኘውን ፎንት ይተካል፤ ቁመቱም ከቀሪው ጋር አይስማማም።

ከቆየ ፋይል የቀዱት ቀመር ካለ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት አልከፈት ሊልዎ ይችላል። ማይክሮሶፍት የድሮውን የቀመር መጻፊያ በደህንነት ክፍተት ምክንያት በጥር 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኦፊስ አውጥቶታል። ቀመሮቹ ይታያሉ፣ ይታተማሉ፣ ግን አይታረሙም። እነሱንም በአዲሱ መጻፍ ይሻላል።

ሞጁሉ ገና ጅምር ላይ ቢሆን ኖሮ ላቴክን እመክርዎ ነበር። «አማርኛ አይቀበልም» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ዚላቴክና ሉዋላቴክ የሚባሉት የላቴክ ዓይነቶች ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለ የግእዝ ፎንት እንዳለ ይጠቀማሉ። የላቴክ ተጠቃሚም ግን ከድብዘዛ ነፃ አይደለም። ፎንቶቹ ራሳቸው በነጥብ ተሠርተው የሚገቡበት አሮጌ አሠራር አለ፤ ታይፕ 3 ይባላል። ሙሉው ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሳሳና የሻከረ ሆኖ ከታየ ተጠርጣሪው እሱ ነው፤ ላቲን ሞደርን የተባለውን የፎንት ስብስብ መጠቀም ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የወርድ ተጠቃሚም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ወጥመድ አለበት፤ በተለይ ቆየት ያሉ የግእዝ ፎንቶችን ለሚጠቀም። አንዳንድ ፎንት ሠሪው በፋይል ውስጥ እንዳይካተት የከለከለው ነው። ወርድ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይር በአማራጮቹ ውስጥ «ፎንቱ ሊካተት ካልቻለ ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይር» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት አለ። ምልክቱ በርቶ ፎንቱ የተከለከለ ከሆነ አማርኛው ጽሑፍ ራሱ ምስል ሆኖ ይወጣል። ቀመሩ ጥርት ብሎ ጽሑፉ የደበዘዘ ገጽ ካጋጠመዎ ይህን ይመልከቱ፤ መፍትሔውም በነፃ የሚካተት የዩኒኮድ ፎንት መጠቀም ነው።

ለግራፎችና ለሥዕላዊ መግለጫዎችም ሕጉ ያው ነው። በሒሳብ ሥዕል መሥሪያው በጂኦጀብራ የሠሩትን ሥዕል ስክሪንሾት አያንሱት፤ ኤስቪጂ በሚባለው የቬክተር ፋይል ዓይነት ያስቀምጡትና እሱን ወርድ ውስጥ ያስገቡ። የቅርብ ስሪቶች ኤስቪጂን ይቀበላሉ፤ ወደ ፒዲኤፍም መስመር ሆኖ ያልፋል። በሌላ ፒዲኤፍ ውስጥ በቬክተር ያለ ውስብስብ ሥዕል ከፈለጉ ኢንክስኬፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ገጹን ከፍቶ ሥዕሉን ነጥሎ በኤስቪጂ ያወጣልዎታል።

የግድ ምስል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ምንጩ የታተመ የቆየ መጽሐፍ ከሆነና ሥዕሉን እንደገና መሥራት ካልቻሉ፣ በስልክ ፎቶ አያንሱት፤ የስልክ ፎቶ የወረቀቱን ጥላና የገጹን መታጠፍ ሁሉ ይዞ ይመጣል። በስካነር፣ በ600 ነጥብ በኢንች፣ «ጥቁርና ነጭ» በሚለው ቅንብር ያንሱት። ግራጫ አይምረጡ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ፎቶግራፍን 300 ነጥብ ይበቃዋል፤ መስመርንና ፊደልን ግን አይበቃውም። ከላይ ያልናትን የክፍልፋይ መስመር ያስታውሱ፦ በ300 ከሁለት ነጥብ በታች ትሆናለች፣ በ600 ከሦስት በላይ። 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀመር በ600 ሲነሣ 1,890 ነጥብ ወርድ ይኖረዋል። ፋይሉ እንዳይከብድብዎ አይሥጉ። ጥቁርና ነጭ ምስል በፒዲኤፍ ውስጥ ለፋክስ በተሠራው የማሸጊያ ዘዴ ሲታሸግ በጣም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው።

ምንጩ ፒዲኤፍ ሆኖ ጊዜ ከሌለዎት ደግሞ፣ ስክሪንሾቱን ከማንሣትዎ በፊት ገጹን ወደ 500 በመቶ ያሳድጉት፤ ያነሡትን ምስል ወርድ ውስጥ ወደ 20 በመቶ ይቀንሱት። በአንድ ኢንች 480 ነጥብ ያገኛሉ፤ በ100 በመቶ ቢያነሡት የሚያገኙት 96 ነበር። ይህ የሚሠራው ምንጩ ራሱ ቬክተር ሲሆን ብቻ ነው።

ምስሉን የሚያስቀምጡት በፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የተሠራ ነው፤ ምስሉን ስምንት በስምንት ነጥብ ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን አያያቸውም የሚላቸውን ዝርዝሮች ይጥላል። ፊት ላይ አይታወቅም። ነጭ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል ላይ ግን በየጠርዙ እንደ ትንኝ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይተዋል። አንዴ በጄፔግ ያለፈን ምስል ወደ ፒኤንጂ መለወጥም ነጠብጣቦቹን ከመጠበቅ ሌላ ጥቅም የለውም።

ጥሩ ምስል ይዘው ቢነሡ እንኳ በመንገድ ላይ የሚያደበዝዙት አሉ። ወርድ ራሱ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ምስሎችን ይቀንሳል፤ የብዙ ስሪቶች መነሻ ልክ 220 ነጥብ በኢንች ነው። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ውስጥ ገብተው ምስል እንዳይታመቅ የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ይህ ለዚያ ሰነድ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ምስሎቹን ከማስገባትዎ በፊት መደረግ አለበት፤ ያለፈውንም አይመልስም። ፒዲኤፍ ሲያወጡ «ስታንዳርድ» የሚለውን እንጂ «ሚኒመም ሳይዝ» የሚለውን አይምረጡ። ሊብሬ ኦፊስ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ የፒዲኤፍ ማውጫ ሣጥኑ ከመነሻው ምስሎችን በ90 በመቶ ጄፔግ አድርጎ ወደ 300 ነጥብ የሚቀንስ ነው፤ ጉዳት የሌለበትን ማሸጊያ ይምረጡና የመቀነሻውን ምልክት ያጥፉ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቀጣዩ ነው፦ የተጠናቀቀውን ፒዲኤፍ «ከበደኝ» ብሎ በማሳነሻ ማሳለፍ። ጎስትስክሪፕት የሚባለው ፕሮግራም ለምሳሌ «ኢቡክ» በሚለው ቅንብሩ ምስሎችን ወደ 150፣ «ስክሪን» በሚለው ወደ 72 ነጥብ ያወርዳል። 72 ላይ የክፍልፋይ መስመርዎ ከግማሽ ነጥብ ያነሰች ናት። ቀመሩ ጽሑፍ ከሆነ ግን ማሳነሻው የሚቀንሰው ነጥብ ስለሌለ ሳይነካው ያልፋል፤ ፋይሉም ቀድሞውኑ ቀላል ነው። የሞጁልዎ መክበድ ከመቶ በላይ ስክሪንሾት ከመሸከሙ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቴሌግራምም እንዲሁ። ፒዲኤፉን በፋይልነት ከላኩት እንዳለ ይደርሳል። የሥራ ባልደረባዎ የቀመር ምስል በፎቶነት ከላከልዎ ግን ተቀንሶና በጄፔግ ታሽጎ ነው የሚደርስዎ፤ «በፋይል ላክልኝ» ይበሉት።

ሥራው ሲያልቅ በዓይን ብቻ አይመኑ። ፖፕለር በሚባለው ነፃ የመሣሪያ ስብስብ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። ፒዲኤፍ ኢሜጅስ በዝርዝር አማራጩ ሲታዘዝ በፋይሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ምስል፣ በየትኛው ገጽ እንዳለና በኢንች ስንት ነጥብ እንዳለው ይነግርዎታል። ቀመር ያለበት መስመር ላይ 96 ወይም 150 ካዩ ያ ገጽ ይመለስ። ፒዲኤፍ ፎንትስ ደግሞ የትኞቹ ፎንቶች እንደተካተቱና ታይፕ 3 እንዳለ ያሳያል። ከዚያ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ቀመር ያለበትን አንድ ገጽ ያትሙ፣ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት፣ የፎቶ ኮፒውንም ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት። ተማሪዎች እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው። እሱ ላይ አርቢው ከተነበበ ሌላው ሁሉ ይነበባል። ሲያሳትሙም «በትክክለኛ መጠኑ» እንዲታተም ይንገሯቸው፤ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት የሚያሳንሰው ቅንብር እንደ ወረቀቱና እንደ ኅዳጉ ጥቂት በመቶ ስለሚቀንሰው አርቢዎቹን ይበልጥ ያጠባቸዋል።

ጊዜ አጥሮዎት ሁሉንም አሁን መጻፍ ካልቻሉ በገጽ ቅደም ተከተል አይሂዱ። መጀመሪያ የፊዚክስ ቋሚ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ያለበትን ገጽ፣ ቀጥሎ ኔጌቲቭ አርቢ ያላቸውን ቀመሮች፣ ከዚያም በዳግም ዘር ውስጥ ክፍልፋይ የያዙትን ይጻፉ። አንድ ፊደልና አንድ እኩል ይሆናል ብቻ ያለባቸው ተራ ቀመሮች እስከሚቀጥለው ሴሚስተር በምስል ቢቆዩ ተማሪውን አያሳስቱም።